የአባት ስሙ ያልታወቀው ንዝረቱ

ያን ጠዋት የቀበሌ አሳሾች ናዝሬት ያለውን ቤታችንን ገለባብጠው ሲጨርሱ ይዘው የወጡት ሁለት ነገር ነው... እኔን እና የፊዚክስ ደብተሬን።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ደግሞ ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ተማሪ። ጥፋቴ እንግሊዝኛው አልገባ ሲለኝ ትምህርቱን በአማርኛ መጻፌ ነበር። አንዳንድ ብረት ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ያሳልፋል። እዚያው ብረት ውስጥ የአቶሞቹ ንዝረት ኤሌክትሮኖቹን አንዱ ጋ ሰብሰብ፣ አንዱ ጋ ሳሳ እያደረገ ያሰልፋቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበሩ ደብተሬን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «በየህዋሱ ያሉትን የሚያሰልፋቸው ንዝረቱ ነው...»

እኔ ህዋስ ያልኩት ብረቱ የተሠራበትን ጥቃቅን ክፍል ነበር። ያኔ ግን «ህዋስ» ማለት የድብቅ ድርጅት ቡድን ማለት ነበር። በዚያች ቃል ስንቱ ወጥቶ ቀርቷል።

«ህዋሱ የት ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር... ብረት ውስጥ ነው።»

«ብረትም አላችሁ?!» ዘበኛው ጠመንጃውን አስተካከለ።

«ኧረ እንደሱ አይደለም...»

«ንዝረቱ የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም! መንቀጥቀጥ ነው... እንዲህ፣ እንደ እጄ!» አሳየሁት። እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስሙ ሲነሳ እንዲህ ካንቀጠቀጠህ ትልቅ ሰው ነው» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው መዘገበ፦ ንዝረቱ፣ የአባት ስም ያልታወቀ።

«እስከ ቀትር እሰጥሃለሁ። ወይ እሱን፣ ወይ ራስህን።»

እውነቱን ደጋግሜ ተናገርኩ። በተናገርኩ ቁጥር ይብስ ተጠረጠርኩ። ይሄኔ ነው እናቴ ከበሩ ውጪ ስትጮህ የሰማኋት።

«ልጄ፣ በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ! ለንዝረቱ ብለህ አትሙትብኝ! ተናገር!»

ተስፋዬ ያኔ ተቆረጠ። የወለደችኝ እናት ካላመነችኝ ማን ሊያምነኝ?

«እሺ... አምልጧል። በሞጆ በኩል አዲስ አበባ ገብቷል።»

«መልኩስ?»

«አይታይም... ማለቴ፣ ብዙ አይታይም።»

ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ቀድሞውኑ እንዲህ አትልም ነበር?»

ለቀቁኝ። መንገዱን ሙሉ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የትም እንዳይኖር እየለመንኩ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። በስሙ ምክንያት አንዱ ምስኪን ቢያዝስ?

እማዬ ጴንጤ ናት፤ ያኔ ደግሞ ጸሎቱም በድብቅ ነበር። መስኮቱን ዘግታ ተንበረከከች፣ እኔም አጠገቧ። ስለ እኔ እያለቀሰች አመሰገነች። ጨረሰች ስል ድምጿን ዝቅ አደረገች...

«ጌታ ሆይ፣ ንዝረቱንም ጠብቀው። እሱም እናት አለችው።»

ኤሌክትሮን ለሚያሰልፍ ንዝረት ከልቡ «አሜን» ያለ የፊዚክስ ተማሪ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።