ለአባቷ ወንበር

ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ለልጇ ሠርግ ቀይ ወይን ትመርጣለች። የላሊበላው ባለግሮሰሪ ሁለት ዓይነት ወይን ቀድቶላታል። አንዱን እንደ ጠበል በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ሌላውን አፏ ውስጥ ይዛ በበሩ አሻግራ የአሸተንን ተራራ አየች። ፊቷ እንደ ነሐሴ ሰማይ ተደፍኗል፤ አያካፋም፣ አይገለጥም።

«እትዬ፣ የትኛው ጣመዎት?»

«እኔ እንጃ ሆዴ፤ የልጅቷን አባት ከቀበርን ወዲህ ምላሴ ማርና እሬት አይለይም። እስቲ አንተው ቅመስልኝ።»

ቀመሰላት። «ይኸኛው ለስላሳ ነው። ያኛው መረር ይላል፤ ለሠርግ አይሆንም።»

«ለስላሳውን ጫንልኝ» አለች፣ የተንሸራተተ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች። «ከመራራውም አንድ ጨምር። አባቷ እሱን ነበር የሚወድ፤ ወንበሩ ፊት ይቀመጥለት።»