ትሪ ጠባቂዋ ሽሮ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተረፉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። በሸክላ ድስት እየተንተከተከች መጣች። ሁለቴ ጎረስኩ፤ ጣፈጠችኝ። ከዚያ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ክትፎ መጣለት። የቅቤው ሽታ ሲደርሰኝ ዓይኔ ወደሱ ሄደ። ሦስተኛው ጉርሻ አፈር አፈር አለኝ።

ይሄ በሽታ የጀመረኝ እዚሁ ሰፈር ነው። ወጣት ሳለሁ ዶሮ ማነቂያ፣ አንድ አናጢ ቤት እሠራ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ከቤት የያዝነውን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን አብረን እንበላለን። አብሮ መብላት ያፋቅራል ይላሉ። ይበሉ። ወጡ በየጥጉ ስለሚገለበጥ የቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ የሰው እጅ ግን ያኔም አነብ ነበር። እጅ ሁሉ ወደ ግርማ ምንቸት አብሽ ይሄዳል። የእህቴ የአስካለ ሽሮ ጥጓን ይዛ ትቀራለች።

«ይቺ ሽሮ ዛሬም ትሪ ልትጠብቅ ነው የመጣችው?» ይላል ግርማ።

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ድሮ ጣት የምታስቆረጥም ሽሮ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ቤት ብቻዬን ስበላትም አልወርድልህ አለችኝ።

«ምን ጎደላት?» ትለኛለች አስካለ።

ምንም አልጎደላትም።

አንድ ቀን የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁልጊዜ ቸርችል ጎዳና ወርደው የሚበሉት አሠሪያችን ጋሽ ወልዴ መውጫ አጥተው ከኛ ጋር ቀረቡ። እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደኔ ጥግ ሄደ።

«ይቺ የማን ናት?» አሉ እያላመጡ።

«የሱ ናት ጋሼ» አለ ግርማ ወደኔ እያየ።

«እንዲህ ያለ ሽሮ ይዘህ ነው ዝም የምትል?»

ያ ሁሉ እጅ ዞረ። ግርማ ራሱ «ለካ ትጣፍጣለች» አለ አፉን ሞልቶ። እኔ ተሻምቼ ሁለት ጉርሻ አገኘሁ። እንደዚያን ቀን ጣፍጣኝ አታውቅም።

ማታ ለአስካለ ሙገሳውን ነገርኳት። ደስ ብሏት በማግስቱ እጥፍ አድርጋ ሠርታ ሰጠችኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ ጋሽ ወልዴ ቸርችል ወርደዋል። ሽሮዋ እጥፍ ሆና ትሪ ጠበቀች።

አሁን ክትፎ ማዘዝ አያቅተኝም። ባዝዝ ግን ከወዲያኛው ጠረጴዛ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ያን ሁሉ ዓመት የበላሁት በሰው ምላስ ነው።

አስተናጋጇ ድስቱን ልታነሳ መጣች። ከግማሽ በላይ ተርፏል።

«አልጣፈጠዎትም እንዴ አባባ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አልኳት፣ በአገጬ ባለ ክትፎውን እያሳየኋት፤ «እሱን ጠይቂው።»