ወተት ያላረከሰው መርዝ

መጀመሪያ ያየሁት ምራቁን ነው። ወንድሜ ታደለ ለእረፍት ቀኑ ከሚሠራበት የአበባ እርሻ ቂርቆስ እኔ ቤት መጥቶ አድሯል። ቁርስ ላይ ተቀምጠን ምራቁ በአገጩ ይወርድ ጀመር። ጠረግሁለት። ተመልሶ ወረደ። ላብ አጠመቀው።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ትናንት ስረጭ ነካ አድርጎኝ ነው። ወተት ካለሽ ስጪኝ፣ በቃ ይለቀኛል።»

የታደለ ሥራ ለጽጌረዳው የተባይ መድኃኒት መርጨት ነው። ከርጭት በኋላ ወተት ይጠጣሉ፤ መርዝ ያረክሳል ይባላል። እኔም «አንተ ጥጃ» እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ያን ዕለትም ሞልቼ ሰጠሁት፤ አስታወከው። ሌላ ቀዳሁለት። የተማርኩ ነኝ እኮ፣ ቢሮ የምውል ሰው!

ከዚያ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ ጠቆረ። ጮህኩ።

በጎረቤት መኪና፣ ካዛንቺስ የተቆፈረውን መንገድ ዞረን፣ በኡራኤል በኩል ሆስፒታል ደረስን። ታደለን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲያስገቡት እኔን ካርድ ክፍል ላኩኝ። የጤና መድን አለው ወይ ስባል ከኪሱ የወሰድኩትን የአባታችንን የቤተሰብ የመድን መታወቂያ ሰጠሁ። ሠራተኛዋ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የገበሬ መድን ነው፤ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ሪፈር ካላመጣ አይሠራም። ደግሞ ተቀጥሮ ከወጣ ቀጣሪው ነው ማስመዝገብ ያለበት።»

እርሻው የቀን ሠራተኛ ነው ብሎ አላስመዘገበውም። የእኔ መሥሪያ ቤት መድን ደግሞ ለባልና ለልጅ እንጂ ለወንድም አይሆንም። ለአገሩ ሁሉ አበባ የሚያበቅለውን ሰው አንዱም መድን አያውቀውም።

ሐኪሙ ወጥቶ ጠራኝ። «ወረቀቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ። ሲረጭ የለበሰው ይሄን ሱሪ ነው?»

አዎ። በዚያው ሱሪ መጥቶ፣ በዚያው አድሮ ነበር።

«አውልቁለት! መርዙ አሁንም በቆዳው እየገባ ነው።»

እኔ ወተት ስቀዳ መርዙ ሱሪው ላይ ነበር።

ኦርጋኖፎስፌት ፖይዝኒንግ፣ በተባይ መድኃኒት መመረዝ ነው አሉኝ። ማርከሻውን፣ አትሮፒን ሰጡት። ኦክስጅን አደረጉለት። ገላውን በሳሙና አጠቡት። ተነፈሰ።

ቀን በቀን ምራቁ እየደረቀ፣ ዓይኑ እየጠራ መጣ፤ ነርሷ «ዛሬስ ጎበዝ፣ ተነስ እስቲ» እያለች ክንዱን ይዛ በኮሪደሩ ስታራምደው፣ እኔም ሾርባ ይዤ ከኋላ ስከተል፣ ክፉው አለፈ ብዬ ማመን ጀመርኩ። አለቃው እንዳይጨነቅ ብለን ደወልንለት።

«እግዜር ይማርህ! ለሥራው አታስብ፤ አባታችሁ ቦታህ እንዳይያዝብህ ብለው ስንታየሁን ልከውልናል። አሁን ርጭት ላይ ነው።»

ስንታየሁ ታናሻችን ነው።

«አስወጣው!» ብሎ ታደለ ጮኸ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየን።

ስንታየሁ በዚያው ቀን ከርጭቱ በሰላም ወጥቷል፤ ተመስገን። ለዚያ ሐኪምና ለነርሷ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተም የሚረጭ ሰው ካላችሁ፣ ምራቁና ላቡ ሲበዛ ወተት እየቀዳችሁ አትቀመጡ፤ ልብሱን በጓንት አውልቁ፣ እጠቡት፣ የመድኃኒቱን ስም ይዛችሁ ሩጡ። መድኑ የት እንደሚሠራም በጤናችሁ ጊዜ ጠይቁ። አባቶች ሆይ፣ ቦታው እንዳይያዝ ብላችሁ በታመመው ልጅ ምትክ ሌላውን አትላኩ።