ንግድ የማይሆንለት ሰው

ወልደማርያም ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ሳሙናና ዘይት ይሸጣል። ሱቁ ከቤቴ ቀጥሎ ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። ደረሰኝ ስጠኝ ያለውን ገዢ «አልቆብኛል» ይለዋል። በሱቁ ፊት ያለው ቦይ ሲደፈን ግን «ግብር የምንከፍለው ለምኑ ነው?» እያለ ከሰፈሩ ሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

የቀን ገቢ ገማቾች በሚመጡበት ሰሞን የሚለብሳት ኮት አለችው። ክርኗ የተቀደደ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ የቀራት፣ ዓመቱን በጓዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥላ የምትከርም ናት። ዘንድሮም እሷን ለበሰና ሃያ ሁለት ካርቶን ሳሙና እኔ ቤት አስገባ። እምቢ ለማለት አፍሬ ዝም ብል ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቆጠረው፤ አልጋዬ ሥር ደረደረው። ነጠላዬ ሳይቀር ሳሙና ሳሙና ሸተተ።

ገማቾቹ ባዶውን መደርደሪያ አይተው በቀን ስምንት መቶ ብር ይሸጣል ብለው ጻፉ። ክርና መርፌ ለምሸጠው ለእኔ እንኳ ስድስት መቶ ነው የጻፉት። እሱ ግን ተመስገን ብሎ እንደ መክፈል ወደ አራት መቶ ይውረድልኝ ብሎ ቅሬታ አስገባ።

«ዝም ካልኩ ብዙ አለው ይሉኛል፣ እትዬ» አለኝ።

ቅሬታው በሚሰማበት ቀን እኔም ግብሬን ልከፍል ገቢዎች ቢሮ ሄጄ፣ ክፍት በሆነው በር አጠገብ ተራዬን እጠብቅ ነበር። የሚስቱን ወንድም አስረስን ምስክር አድርጎ አምጥቶታል። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳቢሪን ገበያው እንዴት እንደሆነ ጠየቀች።

«የምን ገበያ፣ እህቴ?» አለ አስረስ። «ሱቁ ሞቷል። ዝንብ እሽ ሲል ነው የሚውለው።»

ወልደማርያም በተቀደደው ኮቱ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ በረዥሙ ተነፈሰ።

«ለምን ሞተ?» አለች ሳቢሪን።

«ንግድ አይሆንለትማ! አባቱ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን አልወጣለትም። ደንበኛ መያዝ እንኳ...»

«አንተ!» ወልደማርያም ብድግ አለ። «እኔን ነው ንግድ አይሆንለትም የምትል? የጉንችሬ ቸርቻሪ ሁሉ ዕቃ ከማን ነው የሚያወጣው? ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ሠላሳ ካርቶን የሸጥኩት በአያትህ ጸሎት ነው?»

ሳቢሪን እስክሪብቶዋን አነሳች። «ባለፈው ቅዳሜ፣ ሠላሳ ካርቶን» እያለች ቀስ ብላ ጻፈች።

ውሸታም ቢሉት ይስቅ ነበር። ሌባ ቢሉትም ይችለዋል። ለቦዩ መጥረጊያ አንድ ብር የሚሰስት ሰው፣ ነጋዴ አይደለህም ሲባል ግን የደበቀውን ሁሉ በገዛ አፉ ዘረገፈው።

ግምቱ ሦስት ሺህ ገባ። በማግስቱ ጋሪ ይዞ በጠራራ ፀሐይ ካርቶኖቹን ሊወስድ መጣ፤ ከእንግዲህ ከማን ይደብቃል? ደጃፌ ላይ አስደርድሮ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።

«ጎደለብህ እንዴ፣ ወልደማርያም?» አልኩት።

«ምን ይታወቃል፣ እትዬ» አለኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ካርቶን እየጀመረ። «ዘንድሮ ሰው አይታመንም።»