በገፈርሳ መንገድ የተከልኩት ታፔላ

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ያብዳል፤ እኔ በእግር እየዞሩ በሚጫወቱት የስልክ ጨዋታ አብጃለሁ። ካርታው ላይ ሐውልቱ፣ ድልድዩ፣ የእግረኛ መንገዱ ምልክት ሁሉ ጣቢያ ሆኖ ይታያል፤ በእግርህ ሄደህ እዚያ ስትቆም ነጥብ ታገኛለህ። አዲስ አበባ በጣቢያ ተጥለቅልቃለች። እኛ ጋ፣ ቡራዩ ስትደርስ ግን ካርታው ባዶ ነው። ብረታ ብረት የሚሠራው ወንድሜ «ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ» እያለ ይስቅብኛል።

ላሟማ ውላለች። ከሰፈራችን በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ገፈርሳ ግድብ የሚወስደው የእግር መንገድ፣ ዳገቱ አናት ላይ የድንጋይ ካብ አለው። ቁመቱ እስከ ወገብ ነው፣ ላዩ ጠፍጣፋ። የሰፈሩ ሰዎች ድሮ የካቡት እንጨት ተሸክመው ለሚሸጡ ሴቶች ነው። መሬት ያወረዱትን ሸክም ያለ አጋዥ ማንሳት አይቻልም። ካቡ ላይ ግን ጀርባን ሰጥቶ ማሳረፍ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ እንደገና ይዞ መነሳት ነው። ከዚህ የበለጠ የመንገድ ሥራ የት አለ?

ፎቶ አንስቼ፣ ታሪኩን ጽፌ ለጨዋታው ላክሁ። የሚፈርዱት ሌሎች ተጫዋቾች ናቸው፤ የትኛው አገር እንደሚኖሩ እንኳ አላውቅም። «የድንጋይ ክምር ነው» ብለው መለሱልኝ። ደግሜ ላክሁ። «የተፈጥሮ ድንጋይ አንቀበልም» አሉ። ድንጋዩ በራሱ ጊዜ ተነባብሮ፣ ልክ የሰው ወገብ ጋ ሲደርስ ያቆመ መስሏቸው ይሆናል። በዚያው ሰሞን ሱሉልታ አንድ ሆቴል በር ላይ የቆመች የሲሚንቶ ቀጭኔ ጣቢያ ሆና በአንድ ጊዜ አለፈች። ሱሉልታ ላይ ቀጭኔ። ደሜ ፈላ።

አንዱ ፈራጅ «ምልክት ቢኖረው ኖሮ» ብሎ ጻፈልኝ። እልህ ያዘኝ። ወንድሜን ለምኜ ሁለት የብረት እግር ያለው አረንጓዴ ታፔላ አሠራሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም «ማረፊያ» አጻፍንበትና ካቡ አጠገብ በሲሚንቶ ተከልነው። አዲሱን ፎቶ እንደላክሁ ወዲያው አለፈ። ያው ድንጋይ፣ ያው መንገድ፤ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ቦታ ሆነ። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ካቡ ላይ የሚያርፍ ሰው ማየት ቀረ። ሴቶቹ ከነሸክማቸው ጎብጠው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ያልፋሉ። አንድ ጠዋት ዕድሜያቸው የገፋ እናት እንጨት ተሸክመው ብቻቸውን ሲመጡ መንገድ ለቅቄ ቆምኩና በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ? ምነው ትንሽ አያርፉም?»

«ፈያ፣ ልጄ። የት ልረፍ? ታፔላ ቆሞበት የለ እንዴ? ባለቤት መጥቶበታል።»

«ባለቤት የለውም። ማረፊያ ነው የሚለው።»

«ይበል እንጂ። ማሳችንን ሲወስዱብን የቆመውም ታፔላ ጥሩ ነገር ነበር የሚለው።»

አለፉ። እዚህ ከተማ ዳር መሬት ላይ ታፔላ ሲተከል ምን ማለት እንደሆነ ተወልጄ ያደግሁበት እኔ እንዴት ጠፋኝ? ታፔላ ካላዩ ቦታ መኖሩን በማያምኑት ፈራጆች ተናደድኩ። ይበልጥ ያንገበገቡኝ ግን እኚህን እናት ቆርቆሮ ባዩ ቁጥር እንዲሸሹ ያስተማሯቸው ሰዎች ናቸው። ለነሱ ፈራጅ አልተገኘም።

የዚያኑ ዕለት ወንድሜ መጋዙን ይዞ መጣ፤ የታፔላውን ሁለት እግሮች ከሥር ቆረጥናቸው። ስልኩ ላይ ግን ቦታው ከነታፔላው አለ፤ አንዱ አይቶት የማያውቅ ሰው «ግሩም ማረፊያ» ብሎ አድንቆታል።

በማግስቱ እኚያን እናት ጠበቅኋቸው። የተቆረጠውን ብረት ሲያዩ ቆም አሉ።

«ተነሥቷል፣ አዴ። አሁን ይረፉ።»

«ማን አነሣው?»

«እኔ።»

«የተከለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ካቡን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«እንግዲያ ባለቤቱ አንተ ነሃ» አሉኝ። ደረታቸው ላይ ያለውን ገመድ ጠበቅ አድርገው፣ ሳያርፉ ቁልቁለቱን ያዙት።