ደረጃ የምትወጣዋ ጋሪ

ባለፈው ወር የእማዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተበላሽቶ አዲስ አዘዝንላት። የሚያመጡበት ቀን ቦናመስ ሰፈር፣ እሷ ቤት ሄጄ ጠበቅኳቸው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ካፑት ነው። ያ ሊፍት ከሠራበት ቀን ያልሠራበት ይበልጣል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ከታች የሰዎቹን ድምፅ ስሰማ በደረጃው መደገፊያ ላይ አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንዱ ከላይ እየጎተተ፣ አንዱ ከታች እየደገፈ፣ ያን የሚያህል ማሽን በእጅ ጋሪ ያወጡታል። የጋሪዋ እግር በየጎኑ ሦስት ሦስት ትንንሽ ጎማ ነው። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ተቀምጠው አብረው ይዞራሉ፤ አንዱን ጎማ ደረጃው ሲይዘው ሌላው በላዩ ተገልብጦ ቀጣዩን ደረጃ ይረግጣል።

እኔ እኮ ይህችን ጋሪ የፈጠርኳት ይመስለኝ ነበር። ከመወለዴ በፊት የነበረች መሆኗን ያወቅኩት ኋላ ነው። ቢሆንም በጉርምስናዬ፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት የፕላስቲክ ጡብ ሠርቻታለሁ፤ ያውም በሞተር የምትሄድ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። እማዬ ቢሮ ታጸዳለች፤ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ጀርመንኛው ይገባኛል እንጂ ከአፌ ሲወጣ እየተሰባበረ ነው። ሊፍቱ በቆመ ቁጥር እማዬ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የምትገዛውን እንጀራ እየጎተተች ስድስተኛ ፎቅ ትወጣለች። በየፎቁ ቆማ ጉልበቷን ታሻለች። ብቻዋን ደረጃ የምትወጣ ጋሪ ብትኖርስ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር የሚቆም ፍሎማርክት ነበር፤ የአሮጌ ዕቃ ገበያ። የተጠበሰ ቋሊማና የረጠበ ምንጣፍ ይሸታል። በካርቶን የተዘበራረቀ የፕላስቲክ ጡብ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ባለጥርስ ጎማዎችንና ዘንጎችን እለቅማለሁ። ብዙ ቅዳሜ ተመላልሼ ነው ሞተርና የባትሪ ሳጥን ያገኘሁት። ያን ቀን በከተማው ባቡር፣ ዩ-ባን ውስጥ፣ ሞተሩን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ ነው ቤቴ የደረስኩት፤ ወድቆ የሚጠፋብኝ መስሎኝ።

የመጀመሪያዋ ጋሪ እንደ በራሪ ትፈተለክና መጽሐፍ ፊት ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ፍጥነት እንጂ ጉልበት የላትም። ትንሹ ጎማ ትልቁን እንዲያዞር፣ ያም ሌላ ትልቅ እንዲያዞር አድርጌ አዘገየኋት። አሁን ደግሞ ጉልበቷ በዝቶ የፕላስቲኩ ዘንግ ተጠመዘዘ። እሱን በሁለት ዘንግ ሳጠናክረው ባትሪው ከብዷት ወደ ኋላ ትንጋለል ጀመር። ባትሪውን ወደ ፊት አመጣሁት። ለመሞከሪያ መጻሕፍት ደርድሬ ደረጃ እሠራለሁ። አንድ ቀን እማዬ ድንገት ስትገባ የላይኛው ደረጃ የራሷ ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ አገኘችው።

«አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? በቃሉ ላይ መኪና ትነዳለህ?» አለችኝና አንስታ ሳመችው። የቴሌፎን ማውጫ ተካሁበት።

ጋሪዋ የፈረንጆቹን ክረምት ሙሉ ወስዳብኝ የካቲት ላይ ደረጃውን ወጣች። አምስት ደረጃ፣ ቀስ እያለች፣ እያቃሰተች፣ ግን ሳትወድቅ። ትምህርት ቤት ይዣት ስሄድ የቴክኒክ መምህራችን አያት፣ አጠፋት፣ እንደገና አስነሳት። እሱ የሚያውቀው ጉትሎይት ሰፈር፣ ወደቡ አጠገብ፣ ማሽን የሚጠግን ወርክሾፕ ነበር፤ በዓመት አንድ ተለማማጅ ለአውስቢልዱንግ ይወስዳሉ። ያን ሥልጠና የጨረሰ ሥራ አያጣም። የእኔ የትምህርት ውጤት ደግሞ ለሰው የሚያሳዩት አልነበረም።

«ወረቀትህ አይናገርልህም፣ አፍህም ገና ነው» አለኝ። «ማሽንህን ይዘህ ሂድ። እሷ ትናገርልሃለች።»

ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው ማለት ነው፣ ለሰኞ ጠዋት ተያዘልኝ። ለእማዬ ስነግራት አለቀሰች፣ ጸለየች፣ ነጭ ሸሚዜን ተኮሰች፣ ጫማዬን ወለወለች፣ ወረቀቶቼን በፕላስቲክ አቃፊ አስገባች። ጋሪዋም አብራኝ እንደምትሄድ እኔ ለመናገር አላሰብኩም፤ እሷም አልመጣላትም። እሷ በምታውቀው ዓለም ሥራ ፍለጋ የሚኬደው በንጹሕ ሸሚዝና በወረቀት ነው። መጫወቻ ይዞ የሚሄድ ጎረምሳ የት አይታ።

እሑድ ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ ከሌላ ከተማ የመጣ ወንጌላዊ ሰበከ። ከፕሮግራሙ በኋላ እማዬ እሱን፣ ሚስቱን ሰናይትንና ቤተል የምትባል ትንሽ ልጃቸውን ምሳ ጠራች። ቀይ ወጥ ነበር፣ የድንች ሰላጣ ነበር። ቤተል ከወጡም ከሰላጣውም አልቀመሰችም፤ ጋሪዋን መደርደሪያ ላይ አይታ ነበር። አውርጄ በመጻሕፍቱ ላይ አወጣሁላት። «ኖኽ ማል» አለችኝ፣ እንደገና ማለቷ ነው። እንደገና አወጣሁላት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬን እንደ እሷ አፉን ከፍቶ ያየልኝ ሰው አልነበረም።

ከአዳራሹ ለምሳ አብረውን የመጡ አንዲት አሮጊትም ነበሩ፤ እማዬ እስከ ዩ-ባኑ ሸኛቸው አለችኝ። እኛ ቤት እንግዳ ከበር አይሰናበትም። ካፊያ እየጣለ ነበር፤ የበረዶው ቅሪት በየጥጋጥጉ ጠቁሮ ቀርቷል። እትዬ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሐኪማቸው፣ ስለ ሐኪማቸው ሚስት እያወሩ በየመብራቱ ምሰሶ ይቆማሉ። «አይዞዎት፣ ቀስ ብለው» እላለሁ። ባቡራቸው ላይ አሳፍሬያቸው ስመለስ ወንጌላዊውና ቤተሰቡ ሄደዋል። መደርደሪያው ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ጋሪዋስ?»

«ለቤተል ሰጠኋት» አለች፣ ሳህን እያጠበች። «አልለቅም ብላ አልቅሳ አልቅሳ ልትሞት። የእንግዳ ልጅ እያለቀሰች ከቤቴ ትውጣ? ደግሞ ለነገው ቴርሚንህ በረከት ነው።»

ነገርኳት። ነገ የወርክሾፑ ሰውዬ ማየት የሚፈልገው ሸሚዜን ሳይሆን ጋሪዋን እንደሆነ፣ ከእሷ ሌላ የማሳየው ነገር እንደሌለኝ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው። ሰዎቹ ባቡር ላይ ናቸው። እማዬ አፏን ሳትከፍት ሰናይት ቀደመቻት።

«እህት አስቴር፣ አሁን ስላንቺ እያወራን ነበር። ቤተል አቅፋት እንቅልፍ ወሰዳት። የሰጠ እጅሽ ይባረክ። ጌታ ልጅሽን ከፍ ከፍ ያድርግልሽ፣ የሚያስበውን ሁሉ ያሳካለት።»

እማዬ የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ አፍ አፏን አያታለሁ።

«አሜን» አለች። «አሜን፣ አሜን። በሰላም ግቡ።»

ስልኩን ዘጋችው፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ተናደድኩ፤ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ግን ማን ላይ ይጮኻል? ከዚያ ሁሉ ምርቃት በኋላ «መልሱልኝ» የሚል አፍ እኔም አልነበረኝም።

ሰኞ ማይን ወንዝ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ወርክሾፑ የብረትና የዘይት ሽታ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ ያን ሽታ እወደዋለሁ። ማይስተሩ፣ የወርክሾፑ ኃላፊ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ወረቀቴን ጎን አድርጎ «ማሽኗስ?» አለኝ። እናቴ የእንግዳ ልጅ እንዳታለቅስ ብላ ሰጠቻት ለማለት የሚበቃ ጀርመንኛ ነበረኝ። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ቋንቋ፣ እናቴ ሞኝ ትመስላለች። አልቻልኩም። «ሌላ ሰው ጋ ናት» አልኩት። አሠራሯን በእጄ በአየር ላይ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ሦስት ጎማ፣ እንዲህ ተገልብጦ፣ እንዲህ። በትዕግሥት አየኝ።

«መልሰህ ስትሠራት ና» አለኝ። «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ።»

ገበያው የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ሞተር የሚያውሰኝ ሰው ያላንኳኳሁት በር የለም፤ አልተገኘም። ቦታውን ሌላ ልጅ ወሰደው። እኔ በዓመቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ሆኜ ገባሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ፣ አሁን ፈረቃ መሪ ሆኛለሁ። ክፉ ኑሮ አይደለም። ጡቦቹን ግን ኬለር አወረድኳቸው፣ ምድር ቤት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ገጥሜ አላውቅም። ስለዚያ እሑድ እኔም አንስቼ አላውቅም፣ እማዬም አንስታ አታውቅም።

ባለፈው ወር ሰዎቹ ማሽኑን ገጥመው ጋሪያቸውን እየገፉ ሲወርዱ እማዬ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ሻይ ላፍላ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፊቷን ሳትመልስ፦

«ያቺ ሕፃን ያኔ ብታለቅስ ኖሮስ ምን ነበረበት?» አለች። «ልጅ አይደለች? ታለቅስ ነበር፣ ይወጣላት ነበር።»

«ተይው እማዬ፣ አለፈ እኮ» አልኳት።

የወርክሾፑ ነገር አሁን ብዙም አይቆረቁረኝም። ያን ሁሉ ዓመት የምቆጨው እኔ ብቻ መስሎኝ ዝም ስል፣ እሷ ያቺን ጥያቄ ብቻዋን ስትጠይቅ መኖሯ ነው የሚያንገበግበኝ።