ከጠፈጠፉ ስር የተቀበረው ወርቅ

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ቀብሬም አላምን። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ቃል ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ መስቀል ጨብጦ የሚዋሸውንም፣ እያለቀሰ የሚያታልለውንም አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ጧት አክስቴ ከቤቷ ጀርባ ብቻዋን ቁጢጥ ብላ፣ "ወርቄ፣ እንግዲህ የት ልደብቅሽ?" ስትል ብሰማ ጆሮዬ ቆመ። ዙሪያውን አየሁ። ግድግዳና መሬት እንጂ ሰው የለም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኔና ወንድሜ እቴቴ ነው የምንላት። ባል አላገባችም፤ ቆንጆ ነበረች ይላሉ፣ ጠያቂም አላጣችም። ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ አያታችን በሠራው ቤት ብቻዋን አረጀች። ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ፎቅ ነው፤ እንኳን ሌባ ዘመድም ሲገባ ቅር ይለዋል። ደረጃው ያቃስታል፣ ጣራው የሌሊት ወፍ ነው፣ ላይኛው ክፍል ከልጅነታችን ጀምሮ ተቆልፎ ነው የምናውቀው። "ምነው እቴቴ፣ እዚያ ምን አለ?" ስንላት "የአባቴ አይጦች" ትለንና ወሬ ትቀይራለች።

የወርቁን ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አያታችን ከመካነ ብርሃን በቅሎ እየነዳ ወርዶ ጎንደር ላይ የከበረ ነጋዴ ነበር። ደርግ ሀብት ሲወርስ አንዲት ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ጀርባ ዶማ ይዞ አየሁት አለች። በቃ፣ "ሽማግሌው ወርቁን ቀበረው" ተባለ። እሱም አልካደ፤ አዎም አላለ። ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ገለባበጡት፣ አንዲት ቀለበት እንኳ አላገኙም። ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ካለ እቴቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀምጣለች።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ቤቱ ይፈርሳል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ወንድሜ አዘዞ ካለው ቤቱ አንድ ሸጋ ክፍል አሰናዳላት። እሷ ግን "ንቅንቅ አልልም፤ ማሽኑ በላዬ ላይ ይሂድ" አለች። ለመንናት፣ ሽማግሌ ላክንባት፣ ወይ ፍንክች! ማሽኑ ከገባ ደግሞ ከመሬት ስር ያለው ሁሉ ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ ገደል ነው የሚጣለው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ሌት ተቀን የሚያብሰለስላትም ይኸው ነበር።

እኔም እንደ ሥራዬ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ከቤቱ ጀርባ፣ የጣራው ጠፈጠፍ ከሚወርድበት፣ አንድ ቁራጭ መሬት አለች። እቴቴ እዚያ ጎመን አታስተክልም፣ ልብስ አታሰጣም፣ ዶሮ ከጫረባትማ ጉድ ይፈላል። የጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ተረጭቶና ጨፍሮ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሷ የባሕረ ጥምቀቱን ውኃ በሃይላንድ ይዛ ትመጣና እዚያች መሬት ላይ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። በየዓመቱ! ወንድሜ "አፈሩ ሰርጎ እንደሆን እየፈተነች ነው" አለኝ። እኔም፣ እውነት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አልኩ።

"ልደብቅሽ" ማለቷም አላጠራጠረኝም። እኛ የወደድነውን ነገር ሁሉ በሴት ነው የምንጠራው፤ ቤቷ እንላለን፣ ላሟን ተዉትና በሬውን እንኳ ሲያምረን "አይ እሷ!" እንላለን። ሴትየዋ ወርቋን ብታቆላምጥ ምን ይገርማል?

ይልቅ የጠረጠርኩት ወንድሜን ነው። "የአያታችን ወርቅ ተረት ነው" እያለ የኖረ ሰው ድንገት በየቀኑ እቴቴን መጠየቅ አመጣ። ሙዝ ይዞ! በሕይወቱ ለማንም ሙዝ ይዞ ሄዶ አያውቅም። እሱም እኔን ይጠረጥራል፤ "አንቺስ ጧት ጧት ከጓሮ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ አንዴ፣ እየሳቀ። ጥርሱ ነው እንጂ ዓይኑ አልሳቀም።

አንድ እሑድ እቴቴ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቄ ወደ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጓሮ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዞሬ ባይ ወንድሜ ካንድ ከማላውቀው ሰውዬ ጋር ቆሟል፤ ሰውዬው ወርቅ ይፈልጋል የሚባለውን መሣሪያ ይዞ መሬቱን ያስሳል። ጠፈጠፉ ስር ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ።

"አንተ ሌባ!" አልኩት ወንድሜን።

"ቀስ በይ እንጂ! እኩል ነው የምንካፈለው።"

"ማን ሰጠህና ነው የምታካፍለኝ? የእሷ አይደለም እንዴ?"

"ማሽኑ ከሚወስደው እኛ ብናወጣላት ምን ይላታል?"

እኔም ወደ መሬቷ ጠጋ አልኩ። ልቤም፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ዘሏል። ሰውዬው ዶማውን አነሣ። ብዙም አልቆፈረ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ አለ። ድንጋዩ ሲነሣ አፈ ሰፊ ማሰሮ፣ በሌላ ሸክላ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ተመርጓል። ሰውዬው እጁን በሱሪው ጠራርጎ ክዳኑን ሊፈነቅል ሲል ከኋላችን ድምፅ ሰማን።

"አትክፈቷት።"

እቴቴ ናት፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከችና መዳፏን ማሰሮው ላይ አኖረች። ያን ጊዜ ነው ያቺ የ"ልደብቅሽ" "ሽ" የገባችኝ። በስመ አብ! ወርቅ አይደለም ይቺ ሴት ስታቆላምጥ የኖረችው።

ወርቅ ፈላጊው አማትቦ መሣሪያውን እየጎተተ ወጣ።

"ልጄ ናት" አለች እቴቴ። ድምፅዋ የዋለችበትን ገበያ የምታወራ ይመስል ነበር። አባትየው ድብ ባሕር ተመድቦ ያስተምር የነበረ አስተማሪ ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ ሲል በዚያ ክፉ ዘመን ወሰዱት፣ አልተመለሰም። አያታችን ኀፍረቱ በዝቶበት ላይኛው ክፍል ቆለፈባት። እዚያው ወለደች። ልጅቷን ክርስትና ለማስነሣት ደግሞ ሰው ፊት መውጣት አለ፤ ስትታመም እንኳ ቄስ ለመጥራት "ዛሬ፣ ነገ" ሲል ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ሞተች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ስለዚህ አያታችን ጎህ ሲቀድ ዶማውን ያዘ።

"ከነአልቦዋ ነው የቀበርናት፤ የብር አልቦ አድርጌላት ነበር" አለች። መሣሪያው የጮኸው ለዚያች ነው።

"ታዲያ የወርቁ ወሬስ?" አለ ወንድሜ።

"አባቴ ነዋ። ጎረቤቲቱ አይታዋለች፣ ምን ይበል? ወርቅ ቀበረ ቢሉኝ ይሻላል አለ። ደርግ አስሮ ገረፈው፤ አላወጣም። በዚህስ አዝንለታለሁ።" ቀና ብላ አየችን። "ጠፈጠፉ ስር ያደረግናት የሰማይ ውኃ ያጥምቃት ብዬ ነው። ጥምቀት ጥምቀት ደግሞ እኔ እጨምርላታለሁ። የት ትቼያት ነው አዘዞ የምሄደው? ማሽን ይፍጫት?"

እኔ ወርቅ ብጠረጥር፣ ሽጉጥ ብጠረጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ብጠረጥር፣ ይህን ግን አልጠረጠርኩም። ተናደድኩ። በአያቴ፣ በሰፈሩ፣ ዕድሜ ልኳን ስስታም እያልን ባማናት በሁላችን ተናደድኩ። "አዘዞም ጣራ አለ፣ እቴቴ" አልኳት፣ "ጠፈጠፍም አለ። አብራሽ ትሄዳለች።"

እቴቴ ወንድሜን አየችው፤ ቤቱ የሱ ነውና። እሱ ኮቱን አወለቀና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ማሰሮውን በኮቱ ጠቅልሎ አቀፈው። ሲወጣ እግሩ ከድንጋዩ ተደናቀፈና ተንገዳገደ።

እቴቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ተወረወረች።

"ቀስ!" ብላ ጮኸችበት። "አንገቷ ገና አልጠናም!"